ነፋስ ምን ቀለም አለው?

«ነፋስ ምን ቀለም አለው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በመካከላችን ቢነሣ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው ሣቅ ነው። ቀጥሎም «ይህ በፈተና ይመጣልን?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ጥያቄው የሚሣቅበት አይደለም፤ ይልቁንም የትምህርታችንን ልክ የሚለካ ነው እንላለን።

በመጀመሪያ ነገሩን በገዛ ቋንቋችን እንመርምረው። አማርኛ ብዙዎቹን የቀለም ስሞች ያወጣው ከሚታዩ ነገሮች ነው፤ ቡናማን ከቡና፥ ዐመድማን ከዐመድ፥ ሰማያዊን ከሰማይ ወስዷል። ነፋስ ግን ከነፍስና ከመንፈስ ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ ቃል ነው። ስለዚህ ቋንቋው ነፋስን የቆጠረው ከማይታዩት ወገን ነው።

ወደ ሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ብንሻገር ደግሞ ሌላ መልስ እናገኛለን። ነፋስ የሚንቀሳቀስ አየር ነው፤ አየርም ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን፥ 21 እጁ ኦክሲጅን ሲሆን፥ በጠርሙስ ቢታሰር ቀለም አይታይበትም። ነገር ግን በኋላ ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1871 እንዳስረዳው፥ የአየር ቅንጣቶች ከቀዩ ብርሃን ይልቅ ሰማያዊውን አብዝተው ይበትናሉ። የሩቅ ተራራ ሰማያዊ መስሎ የሚታየን በእኛና በእርሱ መካከል ብዙ አየር ስላለ ነው። እንግዲህ አማርኛችን «ሰማያዊ» ሲል የአየርን ቀለም በስሙ ሲጠራ ኖሯል!

በአውድማ ላይ መንሹን ይዞ ነፋስ የሚጠብቀው ገበሬ ቢጠየቅ ግን እንዲህ አይራቀቅም፤ ገለባው ሲነሣ ነፋሱ ቢጫ ነው። ኅዳር 12 ቀን በየሠፈሩ ጥራጊ ሲቃጠል የአዲስ አበባ ነፋስ ዐመድማ ይሆናል፤ ልማዱም በ1911 ዓ. ም. ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ የሚያስታውስ ነውና ጢሱ ሐዘን አለበት። በቻድ ከደረቀው የቦዴሌ ሐይቅ የሚነሣው ነፋስ ደግሞ ነጣ ያለ አቧራ ይሸከማል፤ አቧራውም አትላንቲክን ተሻግሮ ለአማዞን ደን ፎስፎረስ ያደርሳል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። የነፋስን ቀለም የሚሻ ሰው የተሸከመውን ይመልከት።

ይህ ለእኛ የጨዋታ ነገር አይደለም። ሃሮልድ ማክሚላን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 በኬፕ ታውን ስለ ለውጥ ነፋስ ከተናገረ ወዲህ፥ በአህጉራችን «አዲስ ነፋስ ነፈሰ» ያልተባለበት ዘመን የለም። ነፋሱ በነፈሰ ቁጥር አንዱ ቀይ ነው ይላል፤ ሌላው አረንጓዴ ነው ብሎ ይሟገታል፤ ለቀለሙም ሲባል ጓደኛ ከጓደኛው ይጣላል። ምን ተሸክሞ መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ገበሬው ግን ያውቃል፤ ነፋስ የሚወስደው ገለባውን ነው፤ ፍሬው በአውድማው ይቀራል።

እኛ «ቀለም የቆጠሩ» የምንባል ነን። የቋንቋው ተማሪ የፊዚክሱን፥ የፊዚክሱም የገበሬውን መልስ ሳይሰማ የሚመረቅ ከሆነ፥ የቆጠርነው የብራናውን ቀለም ብቻ ነው። ስለዚህ ጓዶች፥ ማርክ የማያስገኘውን ጥያቄ አንፈር፤ የሚጠይቀውንም አንሣቅበት። ነገ በነፋስ ከመወሰድ የሚያድነን ይኸው ልማድ ነው።