የወፍ ተመልካቾች ማኅበር ቢቋቋም



ለአንባብያን አስተያየት በተመደበው በዚህ ዓምድ ላይ ስለ መንገድ፤ ስለ ውኃ፤ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ቢሮ አሠራር ብዙ ቁም ነገር ሲጻፍ አነባለሁ። እኔ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ግን ስለ ወፍ ነው። አርእስቱን ብቻ ተመልክቶ «ይህ ሰው ሥራ ፈትቷል» የሚል አንባቢ ሊኖር እንደሚችል አውቃለሁ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲያነብልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩ የተነሣው ከልጄ ጥያቄ ነው። በመስቀል ሰሞን ከቤታችን ጀርባ ካለው ሣር ላይ ጥቁርና ቢጫ የለበሰች ወፍ ብድግ ቁጭ ስትል አየችና «አባዬ፤ የመስቀል ወፍ የሚሏት ይቺ ናት? ከመስቀል በኋላስ የት ትሄዳለች?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አባቴ የነገረኝን ይዤ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትታይ መሆኗንና ከዚያ በኋላ የት እንደምትገባ የማይታወቅ መሆኑን ነገርኋት። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና «ፈልጎ ያጣት ሰው አለ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ብዙ ዘመን በመንግሥት ሥራ ላይ ስኖር ስንት መዝገብ አገላብጬ ስንት ደብዳቤ መልሻለሁ፤ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም። ጠፍቶ የሚከርም ወዳጅ በመጣ ቁጥር «የመስቀል ወፍ ሆንህሳ» እያልን የምንቀልድ ሁሉ፤ ወፏን አንድ ቀን እንኳ ተከታትለን አናውቅም።

ጥያቄውን ከመሥሪያ ቤታችን በጡረታ ለተሰናበቱ፤ «ጋሼ» እያልን ለምንጠራቸው ሽማግሌ አቀረብኩላቸው። እሳቸውም ሣቅ ብለው «ወፏ የትም አልሄደችም፤ ልብስ ለወጠች እንጂ» አሉኝ። እንዳስረዱኝም ብዙ ሰው የመስቀል ወፍ የሚላቸው እነዚህ ወፎች በክረምትና በመስከረም የሚያጌጡት ወንዶቹ ናቸው፤ ጥቁሩና ቢጫው ወይም ጥቁሩና ቀዩ ላባ የሠርግ ልብሳቸው ነው። የመራቢያው ወራት ሲያልፍ ወንዱ ያንን ላባ ያረግፍና እንደ ሴቷ ቡናማና ዝንጉርጉር ሆኖ ከሌሎች ትናንሽ ወፎች ጋር ተቀላቅሎ ይከርማል። በኅዳር ወር ከልጄ ጋር ያንኑ ሜዳ በጥንቃቄ ስንመለከት እውነትም ቡናማ ወፎች በመንጋ ሆነው ፍሬ ይለቅሙ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከአጥራችን ሥር የኖረችውን ጎረቤታችንን፤ ጌጧን ስላወለቀች ብቻ «ጠፋች» እያልን ስናማት ኖረናል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ጋሼና እኔ፤ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር፤ ቅዳሜ ጧት ጧት አንድ አሮጌ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ለአራት እየተቀባበልን ወፍ መመልከት ጀመርን። አራት ሰው ግን ማኅበር አይሆንም። የዚህ ደብዳቤ ዓላማም በአዲስ አበባ የሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኞች በየሰፈራቸው ወይም በየመሥሪያ ቤታቸው የወፍ ተመልካቾች ማኅበር እንዲያቋቁሙ ለማሳሰብ ነው።

አገራችን በወፍ ሀብት ምን ያህል የታደለች እንደ ሆነች ብዙዎቻችን አናስተውልም። በኢትዮጵያ ከ800 በላይ ዓይነት ወፎች ተመዝግበዋል። በዓለም ላይ በያቤሎና በአካባቢዋ ካልሆነ በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኝ የቁራ ዘመድ የሆነ ወፍ አለ፤ ሳይንስ ያወቀውም በ1938 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ደግሞም ያቤሎ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በቢሮአችን መስኮት ጠርዝ ላይ የምትቀመጠው፤ ማጅራቷ ላይ ነጭ ያለባት ግራጫ እርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። ጧት በመንጋ ሆኖ በጣራችን ላይ እየጮኸ የሚያልፈው፤ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የቆለመመውና ከጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍም እንደዚሁ የእነዚህ የሁለቱ አገሮች ወፍ ነው። ከሩቅ አገር የሚመጡ ጐብኚዎች እነዚህን ለማየት ብዙ ገንዘብ አውጥተው ውቅያኖስ ይሻገራሉ፤ እኛ ግን በየጧቱ ከላያችን ሲያልፉ ቀና ብለን አናይም።

አንዳንድ ሰው «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ሊል ይችላል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አያቶቻችን ወፍን የሚያውቁት ከእኛ ይልቅ ነበር። ማር መሪ የምትባለው ወፍ ሰውን እየጠራች ወደ ንብ ቀፎ እንደምትወስድ የቆላ ሰው ሁሉ ያውቃል። በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ፤ በሰሜን ኬንያ በሚኖሩ ቦረናዎች ዘንድ የተደረገ ጥናት፤ ሰዎቹ ያለ ወፏ አንድ ቀፎ ለማግኘት ወደ 9 ሰዓት ያህል ሲደክሙ፤ እሷ ስትመራቸው ግን ከ3 ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ እንደሚያገኙ አረጋግጧል። ቋንቋችንም ቢሆን በወፍ የተሞላ ነው። ሕፃናት በወፍ ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነውን በሽተኛ የወፍ በሽታ ያዘው እንላለን፤ ሳይዘሩት የበቀለውን የወፍ ዘራሽ እንለዋለን። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ብለው የተረቱት አበው ጆሮ ሰጥተው ያዳመጡ ሰዎች ናቸው። ጆሮአችንን የነፈግናት እኛ ነን።

ከዚህ የተነሣ ስሞቹም እየጠፉ ነው። ቁራን፤ ጭልፊትን፤ ዋኖስን፤ ድንቢጥን፤ ቆቅን፤ ጅግራን ለይቶ የሚጠራ የከተማ ልጅ ስንት ነው? ለአብዛኛው ሁሉም «ወፍ» ነው። በየክፍለ ሀገሩና በየቋንቋው ሽማግሌዎች የሚያውቁት ስም ሳይጻፍ ከእነሱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። ማኅበሩ ሌላ ሥራ ባይሠራ እንኳ፤ እነዚህን ስሞች ሰብስቦ ቢመዘግብ ታላቅ ውለታ ይሆናል።

ነገር ግን ጥቅሙ ከስም መሰብሰብ ያልፋል። በህንድ አገር በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥንብ አንሳዎች በብዛት ያልቁ ጀመር። ከአንዳንዱ ዓይነት ከመቶ 95 እጅ በላይ አለቀ። ምክንያቱ ሲመረመር ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ተጎድቶ ይሞት ነበር። የሚበላው ሲጠፋ ጥንቡ በየሜዳው ቀረ፤ የባለቤት አልባ ውሻ ቍጥር በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታም ሥጋት ጨመረ። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 ተከለከለ። ይህ ሁሉ የታወቀው ለምንድን ነው? ጥንብ አንሳ የሚቆጥሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። በእኛ ከተማ በቄራና በየሰፈሩ የሚያንዣብበው ጥንብ አንሳ ያለ ደመወዝ የጽዳት ሠራተኛችን ነው፤ እሱ ነገ ቢጎድል ግን ስንት እንደነበረ ጽፎ የያዘ የሰፈር ሰው የለም። ያልተቆጠረ ነገር ሲጠፋ ከሳሽ የለውም። ረግረግ ሲደርቅና ያረጀ ጽድ ሲቆረጥም እንደዚሁ ነው፤ ምን እንደነበረበት የሚመሰክር ካልተገኘ «ባዶ መሬት ነበር» ተብሎ ይታለፋል።

በሌላ አገር የተደረገውን ብንመለከት ጅምሩ ትንሽ ነበር። በአሜሪካ በገና ቀን በጠመንጃ ብዙ ወፍ ለመግደል መወዳደር የተለመደ በነበረበት ጊዜ፤ በ1900 «ከመግደል ይልቅ እንቁጠር» ተብሎ 27 ሰዎች ቆጠራ ጀመሩ፤ ያ ቆጠራ ዛሬ በየዓመቱ በብዙ ሺህ ሰዎች ይካሄዳል። በጎረቤታችን በናይሮቢም በ1971 የተጀመረው የረቡዕ ጧት የወፍ ጕዞ ከ50 ዓመት በላይ ዘልቋል። እኛም ከባዶ አንነሣም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከተመሠረተ ከ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የቆየ ነው። በአዲስ ዓለም አቅራቢያ ባለው በበርጋ ረግረግ፤ ከዓለም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ የሆነች ክንፈ ነጭ የረግረግ ወፍ ትራባለች፤ የአካባቢው ነዋሪዎችም የወፍ ወዳጆች ቡድን አቋቁመው ለጥበቃዋ ተነሥተዋል። ገበሬው ከእርሻው ጊዜ ከፍሎ ይህን ካደረገ፤ ቅዳሜን በዕረፍት የምናሳልፍ የቢሮ ሰዎች ምን ምክንያት ይኖረናል?

እንግዲህ አፈጻጸሙን በሚመለከት የሚከተለውን አሳስባለሁ። አንደኛ፤ አባላት ከ10 እስከ 20 በሚሆን ቍጥር ተሰባስበው በየወሩ ሁለት ቅዳሜ፤ ጧት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ይገናኙ፤ ወፍ የሚታየው ፀሐይ ሳይበረታ ነው። ሁለተኛ፤ ስፍራው ሩቅ አይሁን፤ የጉለሌ ዕፀዋት ማእከል፤ እንጦጦ፤ የገፈርሳ የውኃ ግድብ ዳርና የአቃቂ ረግረግ ለከተማችን ቅርብ ናቸው፤ በዓመት አንድ ጊዜም እስከ ቢሾፍቱ ሐይቆች መዝለቅ ይቻላል። ሦስተኛ፤ መነጽር ለአምስት ሰው አንድ ቢሆን ይበቃል፤ መዋጮውም በአቅም ይሁን፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አራተኛ፤ ቀኑ፤ ስፍራው፤ የወፉ ዓይነትና ቍጥሩ በመዝገብ ይጻፍ፤ መዝገብ አያያዝ መቼም ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች አይጠፋንም። አምስተኛ፤ ጎጆ መንካት፤ ድንጋይ መወርወርና ወፍ ማባረር በደንብ የተከለከለ ይሁን። ስድስተኛ፤ ልጆችና ጡረተኞች በነጻ ይግቡ። በተለይ ጡረተኛው፤ ከቢሮ ከወጣ በኋላ የሚፈልገውና የሚጠብቀው ሰው የሌለ እየመሰለው ቤቱ ውስጥ ሲተክዝ የምናየው ነው። ጋሼ ቅዳሜን እንዴት እንደሚጠብቁት ያየ ሰው የዚህን ነገር ትርጉም ያውቃል።

አንድ ችግር ሳልናገር አላልፍም። መነጽር ይዞ በከተማ ውስጥ መቆም ሰውን ያስጠረጥራል። አንድ ቅዳሜ ከአንድ ግቢ አጥር ውጭ ቆመን ጽድ ላይ ያረፈ ጭልፊት ስንመለከት ዘበኛው ፈጥኖ መጣና «ምንድን ነው የምትሰልሉት?» ሲል በቁጣ ጠየቀን። ግዴታው ስለ ሆነ አልተቀየምንም። ጋሼ መነጽሩን ሰጡትና አየ። ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፤ ይሄ እኮ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚያድር። ወዲያ ማዶ ደግሞ ጉጉት አለ። እሱን ግን አደራ እንዳትነኩብኝ፤ አይጡን የሚጨርስልኝ እሱ ነው» አለን። ብዙ ሰው «ሟርተኛ ናት» እያለ በድንጋይ የሚያባርራትን ጉጉት፤ ሌሊቱን የማይተኛው ይህ ሰው በሥራዋ አውቋት ነበር። ያን ዕለት ከአራታችን ይልቅ ብዙ ያየው እሱ እንደ ሆነ ተረዳሁ። ስለዚህ የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች ማኅበሩ ሲቋቋም የመታወቂያ ወረቀትና የፈቃድ ደብዳቤ ቢሰጡን፤ ዘበኞችንም በአባልነት ብንጋብዝ፤ ችግሩ ራሱ መፍትሔ ይሆናል።

በመጨረሻም፤ ይህ ሐሳብ የመንገዱንም የውኃውንም ጉዳይ እንደማይፈታ አውቃለሁ። ነገር ግን የሚኖርበትን ስፍራ ቀና ብሎ የማያይ ሰው፤ ስፍራው ሲበላሽም አያይም። ልጄ በሚመጣው መስቀል ያቺን ወፍ ስታይ «እንኳን ደህና መጣሽ» አትላትም፤ አለመሄዷን ታውቃለችና። ሌሎችም ልጆች ይህን እንዲያውቁ የምትፈልጉ አንባብያን ሁሉ፤ ሐሳቤን ደግፋችሁም ሆነ ነቅፋችሁ በዚሁ ዓምድ እንድትጽፉ እለምናለሁ። ይልቁንም በሚቀጥለው ቅዳሜ ጧት ከጣራችሁ በላይ የሚጮኸውን አዳምጡ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ