ከፅዳት ዘመቻው ማግስት ፌስታሉ የማን ነው?

የፅዳት ዘመቻ ፎቶ ሁላችሁም አይታችኋል። ጓንት፣ መጥረጊያ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ ከኋላ የተከመረ ጆንያ። ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፣ ላይኩ ይዘንብለታል። እኔ በዚህ ፎቶ ከሚያላግጡት ወገን አይደለሁም። ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፉን ትቶ የሌላ ሰው ቆሻሻ የሚለቅም ወጣት ክብር ይገባዋል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ በሳምንቱ እዚያው ቦታ ቆሞ ፎቶ ያነሳ ማን አለ?

ዘመቻው የዓለም ወግ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢስቶኒያ ውስጥ 50,000 ያህል ሰው በአንድ ቀን ወጥቶ 10,000 ቶን ገደማ ቆሻሻ ሰበሰበ። ነገሩ ከአገር አገር ተዛመተና በ2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሴፕቴምበር 20ን የዓለም የፅዳት ቀን አደረገው። እኛ ግን ቀድመናል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ስንቱን ቤት ከዘጋ ወዲህ፣ ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ያኔ የሚቃጠለው ቅጠልና ገለባ ነበር። ዛሬ ፌስታል ነው። ጭሱም በሽታ አያባርርም፤ ራሱ በሽታ ነው።

እስቲ ወደ ግራና እንምጣ። ግራናም ሆነ መርሳ ወይም ወልድያ፣ ከገበያ ቀን ማግስት መሬቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ባዶ ሃይላንድ እንደ ልብ አታገኙም። ልጆች ለቅመውታል፣ ቆራሌው ይገዛዋል፣ ካልሆነም ዘይት ይቀዳበታል። መሬት ላይ የቀረው ፌስታልና የብስኩት ላስቲክ ነው። ሁለቱም ፕላስቲክ ናቸው፤ ልዩነታቸው ሃይላንድ ዋጋ ስላለው ባለቤት አለው፣ ፌስታል ዋጋ ስለሌለው የማንም አይደለም። የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት ምዕራፍ ሙሉ የሚያብራሩት ነገር እዚህ በአንድ ቃል ያልቃል፦ ባለቤት።

የማንም ያልሆነ ነገር ደግሞ ዕዳው የሆነ ሰው ላይ ማረፉ አይቀርም። የዓለም ዘመቻ በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ውቅያኖስ ነው። ከሀብሩ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ግን የሚሄደው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ነው። ትልቁ አዋሽ እንኳ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የእኛ ፌስታል የሚሸሽበት ባሕር የለውም በቃ። ወይ ማሳ ላይ ይቀራል፣ ወይ የመስኖ ቦይ ይደፍናል፣ ወይ ላም ትውጠዋለች። ለእናንተ ሽንኩርት ተቋጥሮበት የመጣ ተራ ነገር ነው። ለአንድ የቆቦ-ግራና ሸለቆ ገበሬ ግን የላም ዋጋ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ዘመቻው ምን ይሁን? ወሎ ውስጥ ደቦ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ደቦ የሚጠራው ባለማሳው ነው። አጫጁ ማታ ቤቱ ይገባል፤ ክምሩን የሚጠብቀው ባለቤቱ ነው። የተፋሰስ ሥራውንም ተመልከቱ። በየዓመቱ በበጋው ገበሬው ያለ ክፍያ ወጥቶ እርከን ይሠራል። ተራራው ከከብት ንክኪ ተከልሎ፣ ደንብ ወጥቶለት፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ ከተወሰነ እርከኑ ይቆማል። ካልሆነ ቶሎ ይፈርሳል። የፅዳት ዘመቻም እንደዚያው ነው። ባለቤትን ያግዛል እንጂ ባለቤትን አይተካም።

«ማዘጋጃ ቤቱ ምን ይሠራል ታዲያ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ሥራው የእሱም ነው። ግን ሕግ ብቻውን ባለቤት እንደማይሆን አይተናል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። ፌስታሉ ግን ከገበያ ሳይጠፋ 18 ዓመት አለፈና በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ እንደገና ጠበቅ ያለ አዋጅ አጸደቀ። ይሄኛውም የሚጠብቀው ሰው ካላገኘ ዕጣው ያው ነው።

ስለዚህ ለቀጣዩ ዘመቻ የምለው ይሄ ነው። መጥረጊያ ከማንሳታችሁ በፊት ቆሻሻው የት እንደሚራገፍ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። መልስ ከሌለ ገና አልተዘጋጃችሁም። ከዓይን ማራቅ ማጽዳት አይደለም፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የተናደው ክምር ከ110 በላይ ሰው ቀብሯል። የሰበሰባችሁትን አታቃጥሉ። ሃይላንዱን ለይታችሁ ለቆራሌው ሽጡት፤ ገንዘቡ ለሁለተኛው ዙር ጓንት ይሆናል። ከገበያው ነጋዴዎች ጋር ተቀመጡ፤ እናቶቻችን ዘንቢል ይዘው ገበያ ሲወጡ ያፈሩበት ቀን አልነበረም፣ እኛም አናፍርም። ከዚያ በሳምንቱና በወሩ ተመልሳችሁ ያንኑ ቦታ ከያንኑ አቅጣጫ አንሱት።

ሦስተኛው ፎቶ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ደብቃችሁ አታስቀምጡት። ለጥፉት። መልስ ሊሰጥበት የሚገባው አካል የሚያየው ያኔ ነው። የተለወጠ ከሆነ ደግሞ፣ ከሺህ ላይክ የሚበልጥ ነገር ሠርታችኋል፦ ፌስታሉ ባለቤት አግኝቷል።