«ኢርፎኑን ቀሙት» የሚለው ምክር የልጃችሁን ጆሮ አያድንም

ዛሬ የምጽፈው ብዙዎቻችሁ፣ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼም ጭምር፣ የማትስማሙበትን ነገር ነው።

«ኢርፎን ያደነቁራል፤ ከልጃችሁ ቀሙት» የሚለውን ምክር አልደግፍም። ለሐኪሙ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ወላጅም ተቆጥቶ ይገላገላል። ልጁ ግን በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ከጓደኛው ተውሶ ይሰካዋል፤ ያውም የባሰውን ዓይነት። ጆሮን የሚጎዳው የድምፁ ከፍታና የምንሰማበት ሰዓት ነው። ድምፁን ከፍ የሚያስደርገን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የውጪው ጫጫታ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ለሚያዳምጥ ሰው የውጪውን ድምፅ በደንብ የሚዘጋ ኢርፎን መምረጥ የጤና ጉዳይ ነው እላለሁ።

እስቲ አብረን እናስላ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው የሳምንት ልክ 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ነው። ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት። ዴሲቤል እንደ ኪሎና እንደ ሜትር አይቆጠርም፤ በ3 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት እጥፍ ይሆናል፣ የሚፈቀደው ሰዓትም በግማሽ ይቀንሳል። 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10 ሰዓት፣ 90 ላይ 4 ሰዓት ገደማ። ልጅ ከሆነ 90 ላይ የሚፈቀድለት አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በሳምንት ነው የምላችሁ፣ በቀን አይደለም።

አሁን ከአያት ሜክሲኮ በሚኒባስ የምትመላለስ ተማሪ አስቡ። ሞተሩ አለ፣ የተከፈተው መስኮት አለ፣ ክላክሱ፣ የረዳቱ ጥሪ፣ ከሁሉም በላይ የሹፌሩ ቴፕ አለ። እዚያ መሀል 80 ዴሲቤል መድረስ ቀላል ነው። የምታዳምጠው ነገር ጥርት ብሎ እንዲሰማት ከዚያ በላይ 10 ዴሲቤል ያህል ትጨምራለች፤ 90 ገባች ማለት ነው። ደርሶ መልስ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ጠቅላላ 9 ሰዓት። አዋቂ እንኳ ብትሆን ከልኩ ከእጥፍ በላይ ነው። ይህችው ልጅ የውጪውን ድምፅ በ15 ዴሲቤል የሚቀንስ፣ ጆሮዋን በደንብ የሚዘጋ ኢርፎን ብታደርግ ግን ወደ ጆሮዋ የሚገባው ጫጫታ ወደ 65 ይወርዳል፤ በ75 ጥርት ብሎ ይሰማታል። ያው ዘፈን፣ ያው ታክሲ፣ ያው ሰዓት።

እዚህ ላይ ለምን እንደምጨቃጨቅ ልንገራችሁ። በውስጠኛው የጆሯችን ክፍል ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩ፣ በአንድ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ የሚሆኑ ሴሎች አሉ። ሲሞቱ አይተኩም። ጠብታ የላቸውም፣ መርፌ የላቸውም። መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆችን የሚሰሙት ስለሆኑ ልጁ ስትጠሩት ይሰማል፤ ጫጫታ ባለበት ክፍል ውስጥ ግን ቃላት ይምታቱበታል። «ግትር ሆነ፣ ትምህርት ጠላ» እየተባለ ወደ እኛ የሚመጣ ልጅ አንዳንዴ የሚያስፈልገው የመስማት ምርመራ እንጂ ቁጣ አይደለም።

ወደ ገበያው እንምጣ። ሱቅ ስትገቡ ሻጩ የሚምልላችሁ በአንድ ነገር ነው፤ «ቤዙ ይመታል» ይላል። የሚመታው ማንን እንደሆነ አይነግራችሁም። እናንተ የምትጠይቁት ሌላ ነው፦ ጫፉ ላይ የሚቀያየር ለስላሳ ጎማ አለው? ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ትርፍ ጎማ አለ? ጫፉ ደረቅ ፕላስቲክ ብቻ ሆኖ ጆሮ ደጃፍ ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት፣ ውድም ይሁን ርካሽ፣ ጫጫታ ይዘጋል ብላችሁ አትጠብቁ። ስሙ የገነነው ኤርፖድስ እንኳ ተራው ጎማ የለውም፤ ያለው «ፕሮ» የሚባለው ነው። ባለ ሽቦ፣ ባለ ጎማ ርካሽ ኢርፎን ግን በልኩ ከተገጠመ ብዙ ይከለክላል። የሚዘጋው ጎማው ነው፤ ብሉቱዝ አይዘጋም፣ የድርጅት ስምም አይዘጋም።

ታዲያ አብዛኛው ሰው ትርፍ ጎማዎቹን ከካርቶኑ ጋር ይጥላቸዋል። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ የከፈላችሁት ለእነሱ ነው እኮ! የጆሮ ቀዳዳ እንደ ጫማ ቁጥር ከሰው ሰው ይለያያል። የአንድ ሰው ቀኝና ግራም ላይመሳሰል ይችላል፤ በአንዱ መካከለኛ፣ በሌላው ትንሽ ብታደርጉ ነውር የለውም። ጆሯችሁን በሌላኛው እጃችሁ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ አስገቡት። ከዚያ ምንም ሳትከፍቱ ተናገሩ። ጋን ውስጥ ሆናችሁ የምታወሩ ያህል ድምፃችሁ ከጎላባችሁ ገጥሟል። ካልገጠመ ቀድሞ የሚጠፋው ወፍራሙ ድምፅ፣ ያ ሻጩ የማለበት ቤዝ ነው። ሰውም «ቤዝ የለውም» እያለ ድምፅ ይጨምራል።

ሌላ ፈተና ልስጣችሁ። ቤት ውስጥ፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ የሚመቻችሁን የድምፅ ልክ አስተካክሉና የት ላይ እንደሆነ ያዙ። ታክሲ ውስጥ ከዚያ ብዙ መጨመር ካስፈለጋችሁ ኢርፎኑ አይዘጋም፣ ወይም አልገጠመም።

ስለ «ድምፅ አጥፊው» ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። እነዚህ ኢርፎኖች የውጪውን ድምፅ በማይክሮፎን ሰምተው ተቃራኒ ሞገድ እየፈጠሩ ያጣፉታል። ለሞተር ጉርምርምታ፣ ለጄኔሬተር፣ ለአውሮፕላን ጥሩ ናቸው። ለድንገተኛ ክላክስና ለረዳቱ ጩኸት ግን ደካማ ናቸው፤ እዚያ ላይ የሚረዳው አሁንም ጎማው ነው። አንድ ማታለያም አለ። ካርቶኑ ላይ «ኢኤንሲ» የሚል ካያችሁ፣ ያ ስልክ ስታወሩ ድምፃችሁ ለወዲያኛው ሰው እንዲጠራ የሚያደርግ ነው፤ ለእናንተ ጆሮ የሚቀንስላችሁ ነገር የለም። ጫጫታ የሚያጠፋው «ኤኤንሲ» ነው። የአንድ ፊደል ልዩነት ናትና ገንዘባችሁን ይዛ እንዳትሄድ። ብረት ቤት ወይም እንጨት ቤት የምትሠሩ ደግሞ ሁለቱንም የሥራ ጆሮ መከላከያ አድርጋችሁ አትቁጠሯቸው።

ስፖርት ላይ ግን ምክሬን እገለብጠዋለሁ። ጂም ውስጥ ከሆናችሁ ጆሯችሁን ዝጉ፤ የጂሙ ሙዚቃ ራሱ ከልኩ በላይ ነው። ጠዋት አስፋልት ዳር የምትሮጡ ከሆነ ግን የሚዘጋ ኢርፎን አታድርጉ። ከኋላ የሚመጣውን ባጃጅና ሞተር ሳይክል መስማት አለባችሁ፤ አሁን ደግሞ ድምፃቸው ዝቅ ያለ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ለዚያ ጆሮን ክፍት የሚተወውን ዓይነት፣ ወይም የውጪውን ድምፅ የሚያሳልፍ ማብሪያ ያለውን ምረጡ፤ ከሌለ አንዱን ጆሮ ነፃ ልቀቁ። ክፍቱን ይዛችሁ ታክሲ ስትገቡ ግን አጥፉት፤ ከጫጫታው ጋር መፎካከር ይጀምራል። ላብ የሚችል መሆኑን ካርቶኑ ላይ «አይፒኤክስ 4» ወይም ከዚያ በላይ ከሚለው ታውቃላችሁ። ከስፖርት በኋላ ጎማውን ጠርጉት፣ ጆሯችሁም ይድረቅ፣ ከሰው ጋር አትዋዋሱ። የጆሮ ኩክ ወደ ውስጥ ከተገፋ በክብሪት እንጨትና በፀጉር ሽቦ አታሳዱት፤ ወደ ጤና ተቋም ኑ። (ብሉቱዝ ካንሰር ያመጣል ለምትሉኝ፦ ያንን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ጭንቀታችሁን ለድምፁ አውሉት።)

ወላጆች፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። «አጠገቡ ሆኜ ዘፈኑ ከተሰማኝ ከፍ አድርጎታል» የምትሉት መለኪያ ለሚዘጋ ኢርፎን አይሠራም። በደንብ የገጠመ ኢርፎን 95 ላይ ቢሆንም ለእናንተ ላይሰማ ይችላል፤ ከፍ ተደርጎ ከተደመጠ ደግሞ እንደማንኛውም ኢርፎን ይጎዳል። ስለዚህ የልጁን ስልክ ተቀብላችሁ ከፍተኛውን ድምፅ ከማስተካከያው ገድቡት፤ ብዙ ስልኮች ይህ አላቸው። ከ60 በመቶ በታች ጥሩ መነሻ ነው።

ደግሞስ ሁሉም ሸክም ልጁ ላይ ለምን ይሆናል? አሥራ ሁለት ሰው ተሳፍሮ አንዱም «ወንድሜ፣ እባክህ ቴፑን ቀንስልን» አይልም። የታሪፍ ሃምሳ ሳንቲም ሲጨመርብን እንጮሃለን፣ ለጆሯችን ግን ዝም እንላለን። እኔ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ሹፌር ይቀንሳል፣ አንዳንዱ «ካልተመቸሽ ውረጂ» ይላል። ሦስት ሰው አብሮ ቢጠይቅ ግን መልሱ የሚለወጥ ይመስለኛል።

ካዳመጣችሁ በኋላ ጆሯችሁ ቢጮህ ወይም የተደፈነ ቢመስላችሁ፣ ያን ቀን ኢርፎን አታድርጉ፤ በማግስቱም ካልተወ ተመርመሩ። አንድ ጆሯችሁ በድንገት መስማት ካቆመ ደግሞ «ኩክ ነው፣ ያልፋል» ብላችሁ ሳምንት አትጠብቁ። በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ሐኪም ይየው፤ ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር ነው የተሻለ ተስፋ ያለው።