«ጣሊያን ትንሽ ቢቆይ ኖሮ…» ለምትሉ

ይህቺን አባባል ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም፡፡ ማኪያቶ ይቀርባል፣ የከተማው ነገር ይነሳል፣ ከዚያ አንዱ «በ5 ዓመት ይህን ሁሉ ከሠራ፣ 50 ዓመት ቢቆይ ኖሮ የት በደረስን!» ይላል፡፡ ይሳቃል፡፡ የሚገርመው ግን አብዛኛው ሰው የምሩን መስማማቱ ነው፡፡

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ «በደረስን» ስትሉ እነማን?

አያቴ 95 ዓመቷ ነው፡፡ እናቷ በርበሬ ትሸጥበት የነበረው የአራዳ ገበያ ሲነሳ ታስታውሳለች፡፡ «እዚህ የነሱ ነው፣ እናንተ ወደዚያ ተባልን» ትላለች፡፡ «ወደዚያ» የተባለው ዛሬ የምንኮራበት መርካቶ ነው፡፡ ጣሊያኖቹ ያወጡለት ሙሉ ስም «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ነበር፤ የአገሬው ሰው ገበያ ማለት ነው፡፡ የከተማው ፕላን ነጩን ለብቻ፣ «ተወላጁን» ለብቻ ያሰፍር ነበርና ገበያውም ከአጥሩ አንዱ ነበር፡፡

ነገሩ በሕግ የተጻፈ ነው፡፡ በሚያዝያ 1929 የወጣው አዋጅ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊን ከ1 እስከ 5 ዓመት ያሳስር ነበር፡፡ በ1931 «የዘር ክብርን» የሚያስጠብቅ ሌላ ሕግ ተጨመረ፡፡ በ1932 ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ፡፡ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ለአውሮፓውያን ልጆች ብቻ ሆነ፡፡ እንግዲህ የት ልንደርስ ነበር? በራሳችን ትምህርት ቤት በር ላይ እንኳ መድረስ አልቻልንም!

«መንገዱስ?» የሚል አይጠፋም፡፡ መንገዱ ተሠርቷል፣ አልክድም፡፡ የተሠራው ግን ጦር ሊመላለስበትና ሰፋሪ ሊገባበት ነው፡፡ «50 ዓመት ቢቆይ» የሚለውን በተግባር ማየት የሚፈልግ ደቡብ አፍሪካን ይይ፡፡ እዚያ አፓርታይድ ከ1940 እስከ 1986 ድረስ፣ 46 ዓመት ቆይቷል፡፡ አውራ ጎዳናውም ፎቁም ነበረ፡፡ ጥቁሩ ግን ለብዙ ዓመታት በገዛ አገሩ የይለፍ ደብተር ካልያዘ ይታሰር ነበር፡፡

ጥፋቱ የቀልደኛው ብቻ አይደለም፡፡ እኛ የተማርነው የጦርነቱን ታሪክ ነው፤ ስለ አርበኞች እና ስለ የካቲት 12፡፡ ደግ ነው፡፡ በየዕለቱ «ወደዚያ ሂዱ» መባል ምን እንደሚመስል ግን ማንም አላስተማረንም፡፡ ያንን የሚያስታውሱት ደግሞ ዛሬ ከ90 በላይ ናቸው፡፡ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮችም በ2016 በብዛት ፈርሰዋል፡፡ ቤቱም ሰውም እየሄደ ነው፡፡

ስለዚህ እሁድ ካፌውን ተዉትና አያቶቻችሁ ጋ ሂዱ፡፡ አያት የሌላችሁ ጎረቤት አዛውንት አታጡም፡፡ በየት እንዳያልፉ እንደተከለከሉ፣ የት ይማሩ፣ የት ይገበያዩ እንደነበር ጠይቋቸው፡፡ ሞባይላችሁ ድምፅ ይቀዳል፣ ቅዱት፡፡ ሰምታችሁ ስትጨርሱ አሁንም «ትንሽ ቢቆይ ኖሮ» ማለት ካሰኛችሁ፣ እዚያው እሳቸው ፊት በሉት፡፡