ክለቡን ለከተማው መልሱለት

ከቶሮንቶ፣ ካናዳ

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሲሆን፣ በዚያ የውድድር ዓመት ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረገም። ውድድሩ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወረ ነው ያለቀው። «አፄዎቹ» የሚባለውን ይህን የከተማውን ክለብ በክፉም በደጉም ሲደግፍ የኖረው የጎንደር ሰው የቡድኑን ታላቅ ዓመት የተከታተለው በቴሌቪዥን ነው። እኔም ቶሮንቶ ሆኜ ያየሁት በዚያው መንገድ ነበር። የእኔን ርቀት ያመጣው ስደት ነው፤ የእሱን ግን ያመጣው የሊጉ አሠራር ነው። ይህ አሠራር መቆም አለበት።

ሲጀመር ምክንያት ነበረው። የ2012 ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ተሰርዞ ነበር፤ ሊጉ በዓመቱ ሲመለስ ደግሞ የዲኤስቲቪ የቀጥታ ሥርጭት ውል አብሮ መጣ። የቀረጻ ዕቃውን በአንድ ከተማ መትከል፣ ተጫዋቾቹንም በአንድ ስፍራ ሰብስቦ መመርመር ለጊዜው የተሻለ መላ ነበር። ወረርሽኙ ሲያልፍ ግን አሠራሩ አላለፈም። በተከታዩ ዓመትም ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ አዳማና ባሕር ዳር ሊጉን ተራ በተራ ሲያስተናግዱ የሌሎቹ ከተሞች ሕዝብ ቡድኑን ሸኝቶ ቀረ። ጊዜያዊ የተባለው ነገር ልማድ ሆነ።

ሒሳቡን እንየው። ቡድኑ ለወራት ሆቴል ይቀመጣል፤ የአልጋውና የምግቡ ወጪ በአብዛኛው ከከተማ አስተዳደሩ በጀት፣ ማለትም ከግብር ከፋዩ ኪስ ይወጣል። በአንጻሩ ከራሱ ሜዳ መግቢያ የሚያገኘው ገቢ የለም። በጨዋታ ቀን ስታዲየሙ በር ላይ ማሊያና ሻርፕ የሚሸጠው ወጣት፣ ቆሎና ውሃ የምታዞረው ሴት፣ ከጨዋታው በኋላ ጢም ብሎ የሚሞላው ሻይ ቤት ሁሉም ገበያቸው ቀረ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሕፃኑ ነው። አባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ የሰፈሩን ተጫዋች በስሙ እየጠራ ያላደገ ልጅ፣ ከተማው የራሱ ቡድን እንዳለው በምን ያውቃል? የሚያውቀው አርሰናልንና ማንቸስተር ዩናይትድን ነው።

እንግሊዝን ካነሳን አይቀር፣ እኛ ከማናያቸው ከታችኞቹ ሊጎቿ የምንማረው አለ። ቤሪ ከማንቸስተር በስተሰሜን የምትገኝ፣ በጥጥ ፋብሪካ ያደገች ከተማ ናት። በ1885 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ክለቧ የኤፍ ኤ ዋንጫን በ1900 እና በ1903 አንስቷል። በ1903 ደርቢ ካውንቲን 6 ለ 0 ያሸነፈበትን የፍጻሜ ውጤት ከ116 ዓመት በኋላ የደገመው ማንቸስተር ሲቲ ነው፤ ጊዜውም ሜይ 2019 ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት 27 ቀን ቤሪ ከእንግሊዝ ፉትቦል ሊግ ተባረረ። ባለቤቱ ክለቡን የገዛው በ1 ፓውንድ ነበር፤ ዕዳውን የሚከፍልበት ገንዘብ እንዳለው ግን ለሊጉ ማሳየት አልቻለም። በዚያች ዕለት ደጋፊዎች መጥረጊያና ባልዲ ይዘው ጊግ ሌን የሚባለውን ሜዳቸውን ሲያጸዱ ነው የዋሉት፤ ክለቡ ገዢ አግኝቷል፣ ቅዳሜ ጨዋታ አለን ብለው። ማታ የመባረሩን ወሬ ሰሙ።

እነዚያ ባልዲ የያዙ ሰዎች ግን አልተበተኑም። ገንዘብ አሰባስበው ሜዳቸውን አስመለሱ፤ ለሁለት ተከፍለው የነበሩት የደጋፊ ማኅበራትም በድምፅ ተስማምተው አንድ ሆኑ። በ2023 ቤሪ በ9ኛው እርከን ጊግ ሌን ላይ ሲጫወት ሺዎች ገብተው አዩት። የዊምብልደን ደጋፊዎች ታሪክም ይህንኑ ይመስላል። በ2002 ክለባቸው 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደ ሚልተን ኪንስ እንዲዛወር ሲፈቀድ፣ በሳምንታት ውስጥ ኤ ኤፍ ሲ ዊምብልደንን መሠረቱ። ተጫዋች የመለመሉት በከተማቸው የሕዝብ ሜዳ ላይ ማስታወቂያ አይቶ ከመጣው ሁሉ ነበር። ከአማተሮች ሊግ ተነሥተው በ2011 ወደ ፉትቦል ሊግ ገቡ፤ በ2020 ደግሞ ጥንት ወደነበሩበት ወደ ፕላው ሌን ተመለሱ። የክለቡ ባለቤቶች ዛሬም ደጋፊዎቹ ናቸው።

የእንግሊዝ ፓርላማ በ2025 ያወጣው የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ የእነዚህ ቁስሎች ውጤት ነው። ከላይኛው እስከ 5ኛው እርከን ያለ ክለብ በዚህ ሕግ መሠረት ሜዳውን ለመሸጥም ሆነ ከሜዳው ለመልቀቅ በሕጉ የተቋቋመውን ተቆጣጣሪ አካል ፈቃድ ማግኘት አለበት። ዓርማውንና የማሊያውን ቀለም ለመቀየር ደግሞ የደጋፊው ይሁንታ ያስፈልገዋል። ገበያን ከማንም በላይ የምታምን አገር እንኳ ክለብ እንደማንኛውም ንብረት የሚሸጥና የሚለወጥ እንዳልሆነ በሕግ ደነገገች።

እዚሁ ቶሮንቶ ሌላውን ገጽታ አይተናል። ቶሮንቶ ዎልፍፓክ የሚባለው የራግቢ ሊግ ክለብ በ2017 ውቅያኖስ አቋርጦ በእንግሊዝ 3ኛ እርከን መጫወት ጀመረ። የእንግዳ ቡድኖችን የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ ራሱ እየሸፈነ ከትንንሽ የሰሜን እንግሊዝ ከተሞች ወደ ላምፖርት ስታዲየም ያመጣቸው ነበር። ኦክቶበር 2019 የከሰል ማዕድን ከተማ የነበረችውን የፌዘርስቶንን ቡድን 24 ለ 6 ረትቶ ወደ ሱፐር ሊግ ሲያድግ ወደ 10 ሺህ ሰው ሜዳው ላይ ነበር። በጁላይ 2020 ግን ኮሮና ገቢውን አደረቀው፤ ክለቡ በዋናነት በአንድ ባለሀብት ገንዘብ ይንቀሳቀስ ስለነበር ከውድድሩ ወጣ፤ ሊጉም መልሶ አልተቀበለውም። ደጋፊ አልጎደለም ነበር። የጎደለው ያ ሁሉ ሰው የክለቡ ባለቤት የሚሆንበት መንገድ ነው።

በአገር ቤት ያለው አሠራር ይቀጥል የሚሉት ሰዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው የሜዳ ደረጃ ነው። እውነት ነው፤ የባሕር ዳር ስታዲየም ሳይቀር በካፍ ታግዶ ብሔራዊ ቡድናችን «በሜዳው» የሚያደርገውን ጨዋታ በሰው አገር እስከማድረግ ደርሷል። ነገር ግን የአገር ውስጥ ሊግ የካፍን መስፈርት ሁሉ መጠበቅ የለበትም። ጥሩ ሣር፣ አጥር፣ መልበሻ ክፍልና የሕክምና አገልግሎት ያለው ሜዳ ይበቃል። ጨዋታ የሌለበት ሜዳ ደግሞ በጀት አያገኝም፤ ዓመት እስከ ዓመት ተዘግቶ ሲቀመጥ ይበልጥ ይበላሻል።

ሁለተኛው ጸጥታ ነው፤ ይህኛው ይከብዳል። በብሔር ፖለቲካ የተቀጣጠለ የስታዲየም ሁከት ብዙ ሰው ጎድቷል። በአማራ ክልል ያለው ግጭት ደግሞ ከኳስ በላይ የሆነ መከራ ነው፤ ሰላም በሌለበት ቦታ ሕዝብ ይሰብሰብ አልልም። ይሁን እንጂ ሰላም ያለባቸው ከተሞች ሌሎቹን መጠበቅ የለባቸውም። ጥፋት ያጠፋ ደጋፊም በስሙ ተለይቶ ይቀጣ እንጂ የከተማው ሕዝብ በሙሉ ቡድኑን አይነጠቅ። እንግዳን በሜዳው ተቀብሎ በሰላም መሸኘት የሚለመደው በማስተናገድ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ መድን የሊጉን ዋንጫ አንስተዋል። በላባቸው ያገኙት ድል ነውና ክብር ይገባቸዋል። ግን ውድድሩ በዚህ መልኩ ሲካሄድ ጥቅሙ በተቋም በጀት ለሚተዳደር ክለብ እንደሚያደላ ግልጽ ነው፤ ከተማ የሌለው ክለብ ከከተማው በመራቁ የሚያጣው ነገር የለምና። የሚጎዱት ጎንደር፣ ባሕር ዳርና አርባ ምንጭ ናቸው። ወልድያን የመሰለች ከተማ በ2009 ዓ.ም. ዘመናዊ ስታዲየም አስመርቃ ክለቧ ከዋናው ሊግ ሲወርድ፣ ተመልሶ ለመውጣት የሚታገለው ለምን ብሎ ነው? ቢወጣ በሜዳው ላይጫወት!

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ደረጃውን ያሟላ ሜዳ ያላቸውንና ሰላም ያለባቸውን ከተሞች ለይቶ ከሚቀጥለው የውድድር ዓመት ጀምሮ ጨዋታቸውን ይመልስላቸው፤ ለቀሩትም መቼ እንደሚመለሱ ቀኑን ያሳውቃቸው። የከተማ አስተዳደሮች ክለቦቹን በከንቲባ መልካም ፈቃድ ከማቆየት አልፈው መዋጮ በሚከፍሉና ድምፅ በሚሰጡ አባላት እጅ ያስገቧቸው።

እኛም በውጭ ያለነው ድርሻ አለን። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ስንሰባሰብ ኳስ ሕዝብን እንዴት እንደሚያገናኝ በዓይናችን አይተናል። ቶሮንቶ ራሷ ከ2026ቱ የዓለም ዋንጫ 6 ጨዋታዎች የተመደቡላት ከተማ ናት፤ ለእነሱ ትኬት ለማግኘት ስንት እንደተለፋ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ የአርሰናል ማሊያ ለብሶ የሚሄድ ወንድሜ ማሊያውን ያውልቅ አልልም። በዓመት አንድ ጊዜ ግን የተወለደበት ከተማ ክለብ መደበኛ አባል ሆኖ ይክፈል፤ ደረሰኝ ይጠይቅ፤ የሒሳብ ሪፖርት ይጠይቅ፤ ቡድኔ በሜዳው የሚጫወተው መቼ ነው ብሎም ይጠይቅ። ከፍሎ የሚጠይቅ አባል የበዛበትን ክለብ ከከተማው መንጠቅ ከባድ ነው።

የአምዱ ጸሐፊ፣ ቶሮንቶ