ፈንጂው ይነሣል፤ መርዙስ?

በጎጃም ያልሰፈረ ጦር የለም ማለት ይቻላል፡፡ ጣሊያን ቡሬና ደምበጫ ላይ መሽጎ ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. ተነቅሎ ወጣ፤ ጃንሆይም በዚያው ዓመት መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ፡፡ የደርግ ጦር በ1983 ዓ.ም. ጥሎ ሄደ፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ አገሩ እንደገና የጦር ሜዳ ሆነ፡፡ ሁሉም መጣ፣ ሁሉም ተኮሰ፡፡ ጓዙን ጠቅልሎ የሄደ እንጂ ቆሻሻውን ጠርጎ የሄደ ማን አለ?

የኔ ጥያቄ ይኼ ነው፤ ወታደር የለቀቀው መሬት ለእርሻ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለቤት መሥሪያ ሲሰጥ «ንጹሕ ነው» ብሎ የሚፈርመው ማነው? ምኑን መርምሮ?

«ፈንጂ አምካኝ አለ አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም፡፡ አለ! የኢትዮጵያ ፈንጂ አምካኝ ጽሕፈት ቤት በ1993 ዓ.ም. ተቋቁሟል፡፡ በ1996 ዓ.ም. በተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናትም የፈንጂና ያልፈነዳ ተተኳሽ ስጋት ያለባቸው 1,492 ማኅበረሰቦች ተለይተዋል፡፡ በነፍስ የሚከፈልበት ሥራ ነውና ክብር ይገባዋል፡፡ ግን አምካኙ የሚፈልገው የሚፈነዳውን ነው፡፡ የማይፈነዳውስ? በተኩስ ሜዳ የቀረ የጥይት እርሳስ አፈር ውስጥ በስብሶ አይጠፋም፡፡ ከተሰነጠቀ ቦምብ የሚወጣ ቲኤንቲ በዝናብ ታጥቦ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳል፡፡ የፈሰሰ ናፍጣም እንዲሁ፡፡ ይኼ እግር አይቆርጥም፤ በምግብና በውኃ አድርጎ ይገባል፡፡ እርሳስ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል፡፡ ድምፅ ስለሌለው ግን ዜና አይሆንም!

ሕግ ጠፋ እንዳይባል ሞልቷል፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል፡፡ አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ካለ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፡፡ የፈንጂ ጽዳቱ ግን ኋላ ላይ ለመከላከያ ሚኒስቴር ተላለፈ፡፡ ባለጠመንጃው አቆሽሾ፣ ባለጠመንጃው አጽድቶ፣ ባለጠመንጃው ፈርሞ! እንዲህ ያለ ዳኝነት የት ታይቷል?

አሜሪካኖች እንኳ በጦር ሰፈር ጽዳት ላይ ነዋሪውንና ወታደሩን ባንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ አማካሪ ቦርድ አላቸው፡፡ ባሕር ኃይላቸው በ1995 ዓ.ም. የለቀቀው የቪዬከስ ደሴት ጽዳት ግን ከሃያ ዓመት በኋላም አላለቀም፡፡ ገንዘብ ያለው እንዲህ ከቆየበት፣ እኛ መቼ ልንጀምር ነው?

ስለዚህ እላለሁ፤ መሬቱ ከመሰጠቱ በፊት መከላከያ የጥይት ግምጃ ቤቱ፣ የተኩስ ሜዳውና የነዳጅ ማከማቻው የት እንደነበረ መዝገቡን ያውጣ፡፡ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አፈሩንና ውኃውን ይመርምር፡፡ የትኛው ጥግ ምን እንደተቀበረበት፣ የትኛው ምንጭ እንደሸተተ የሚያውቁት ገበሬና እረኛ ለወጉ ሳይሆን ባለድምፅ ሆነው ይቀመጡ፡፡ ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ በቀበሌ ሰሌዳ ይለጠፍ፡፡ መርዝ የተገኘበት ይታጠር፤ ባለይዞታው ካሣ ያግኝ፡፡

«በጦርነት መሐል የምን አፈር ምርመራ?» ለምትሉን፤ ነገ መዝገቡም ይጠፋል፣ የሚያውቀውም አዛዥ ይዛወራል፡፡ የሚተኩስ ሁሉ፣ የመንግሥት ጦርም ይሁን ፋኖ፣ የተኮሰበትን ከዛሬ ይመዝግብ፡፡ ጎጃሜ ርስቴ የሚለው ለልጁ የሚያወርሰውን መሬት ነው፤ መርዙን ማንም ርስት አድርጎ አልተቀበለም!