ጉባኤው ከበሮውን አላስወጣም

ከበሮና ጸናጽሉ ዕቃ ቤት ገብተው ኪቦርድ በተተከለበት ቁምስናችን ቅር መሰኘቴን ስናገር፣ «ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እኮ አዲስ ዘመን ከፍቷል» ይሉኛል። ከፍቷል። ሰነዱን ግን አንብባችሁታል? ጉባኤው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1964 ስለ ምሥራቅ ካቶሊካውያን ባወጣው ድንጋጌ፣ የግዕዝ ሥርዓት ተከታዮች የሆንነውን እኛንም ጨምሮ፣ የአባቶቻችሁን ሥርዓት ጠብቁ፤ ያለ አግባብ ከራቃችሁም ተመለሱ ነው ያለው። ለላቲኖቹ የተፈቀደው መሻሻል ለእኛ ማፍረሻ የሆነው በማን ሥልጣን ነው?

በአማርኛ መቀደሱን አልቃወምም፤ እናቴ ቅዳሴውን ቃል በቃል የተረዳችው ያኔ ነው። «ወጣቱን ለመሳብ» የሚለው ግን አይዋጥልኝም። ኪቦርዱንማ ወጣቱ በየአዳራሹ፣ ያውም ከእኛ በተሻለ ሲመታ ያገኘዋል።

ባለፈው ፋሲካ አንድ አባት ጸናጽላቸውን ከቤት ይዘው መጡ። መዘምራኑ «ከኪቦርዱ ጋር አይሄድም፣ አባባ» አሏቸው። በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘውት ተመለሱ።